ለሐምሌው የገጠር አገልግሎት ጉዞ ምክር፦ 40 ወጣቶች፣ ችግኝ ተከላና የአብነት ትምህርት ቤት

ሰንበቴ · ግንቦት 11

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የሰንበት ትምህርት ቤታችን የወጣቶች ክፍል በሐምሌ ወር ሰሜን ሸዋ ገጠር ወደሚገኝ አንድ ደብር ለአገልግሎት ይሄዳል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለን 40 ልጆች ነን፤ 5 ታላላቆች አብረውን ይሄዳሉ። እኔ 17 ዓመቴ ነው፣ ወጣቶቹን ወክዬ ኮሚቴ ውስጥ ገብቻለሁ።

እስካሁን የተያዘው ዕቅድ፦ በደብሩ ቅጽርና ከቅጽሩ ውጭ ባለው የደብሩ መሬት 1,000 ችግኝ መትከል፣ የአብነት (የቤተ ክርስቲያን ባህላዊ ትምህርት) ተማሪዎችን ጎጆ ማጽዳት፣ ልብሳቸውን ማጠብ፣ ያሰባሰብነውን ልብስና ሳሙና ማደል። ቦታው ደጋ ነው። የመኪናው መንገድ ከደብሩ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ያልቃል። የሥራ ጊዜያችን 3 ቀን ነው።

ቀኑን መቼ ብናደርገው ይሻላል? 1,000 ችግኝ ይቻላል? ስንቅና ውሃስ ምን ያህል? ሥራውን የምታውቁት በዝርዝር ብትነግሩን።

ባለዝግባ · ግንቦት 11

እህቴ፣ በግንቦት መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ብዙው ሰው የሚጠይቀው አውቶቡስ ከተከራየ በኋላ ነው።

1,000ውን እስቲ በሒሳብ እንየው። የአገር በቀል ዛፍ ጉድጓድ 40 ሳ.ሜ በ40 ሳ.ሜ፣ ጥልቀቱም 40 ሳ.ሜ ነው። ከአንድ ጉድጓድ 64 ሊትር አፈር ይወጣል፤ በክብደት ከ80 ኪሎ በላይ ማለት ነው። 1,000 ለ40 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 25 ጉድጓድ ይደርሰዋል፣ ከ2 ቶን በላይ አፈር። ዶማ ያልለመደ የከተማ ልጅ በጠንካራ መሬት ላይ በቀን ከ8 እስከ 10 ጉድጓድ ከቆፈረ ጎበዝ ነው፣ በሁለተኛው ቀን መዳፉ ስለሚላጥ ይህም ይቀንሳል።

ችግኙ ራሱ ደግሞ እርጥብ አፈሩን ይዞ በፕላስቲኩ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። 1,000 ችግኝ አንድ ቶን ነው። በጭቃ መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ልጅ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት እየያዘ ሁለት ጊዜ ቢመላለስ፣ ሥራ ሳይጀመር ሁሉም 6 ኪሎ ሜትር ተጉዟል።

ይህ ሁሉ ግን ዋናው ችግር አይደለም። ዋናው ችግር ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው በጋ ነው። አንድ ችግኝ በሳምንት 5 ሊትር ውሃ ቢያገኝ፣ 1,000 ችግኝ 5,000 ሊትር ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 250 ማለት ነው፣ በየሳምንቱ። ማን ይቀዳል? ከየት ምንጭ? ለዚህ መልስ ከሌለ የተተከለው ሁሉ ፋሲካን ሳያይ ይደርቃል።

የእኔ ሐሳብ 150 ችግኝ ነው። ጉድጓዱ ቀድሞ የተቆፈረ፣ የታጠረ፣ የሚጠብቀው ሰው በስም የታወቀ 150። ያን ጊዜ ውሃው በአንድ ዙር 750 ሊትር፣ 38 ጀሪካን ይሆናል። አህያ 2 ጀሪካን ብትጭን 19 ምልልስ ነው፤ በሳምንቱ ቀናት ሲከፋፈል በቀን ከሦስት የማይበልጥ ምልልስ፣ አንድ ቤተሰብ ይችለዋል።

ካህን ዘገጠር · ግንቦት 12

እግዚአብሔር ይባርካችሁ ልጆቼ። ስለ ቀኑ ልናገር።

የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። አገልግሎታችሁ በሁለቱ መካከል ይሁን። በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ዶማ መያዝ ለልጆች አይሆንም፤ ከልምድ ማነስ ጋር ሲደመር ራስ እየዞራቸው ይወድቃሉ።

በዚህ መካከል ደግሞ በዓላት አሉ። ሐምሌ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። በገጠር በነዚህ ቀናት መሬት አይቆፈርም። እናንተ ብትቆፍሩ ሕዝቡ ያዝናል፣ በረዶ ወይም ዋግ ቢመጣም በእናንተ ያሳብባል። እያንዳንዱ ቀን የአንድ ቅዱስ መታሰቢያ ስለሆነ የትኛውን አክብሮ እንደሚውል አጥቢያውን መጠየቅ ግድ ነው። በአብዛኛው አጥቢያ ከ13 እስከ 15 ያለው ክፍት ነው፣ እሑድ ካልገባበት። በ12 ከሰዓት ደርሳችሁ፣ ሦስቱን ቀን ሠርታችሁ፣ በ16 ኪዳነ ምሕረትን አስቀድሳችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

ደብዳቤ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ከሰንበት ትምህርት ቤታችሁ በአጥቢያችሁ አስተዳዳሪ በኩል ለወረዳው ቤተ ክህነት፣ ግልባጩ ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ። ችግኝ የምትጠይቁበት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም ደብዳቤ ይፈልጋል።

ቦታውንም ራሳችሁ አትምረጡ። ቅጽሩ ውስጥ ባዶ የሚመስል ሣር ሁሉ ባዶ አይደለም፣ ብዙው መቃብር ነው፤ ድንጋዩ ሰምጦ ወይም ሣር ለብሶ አይታይም። ታቦት ወጥቶ ሦስት ጊዜ የሚዞርበት መንገድም አለ። ዛሬ ክንድ የማይሞላ ችግኝ ዛፍ ሲሆን ካህናቱ ከነጥላው የሚያልፉበት ያጣሉ። ሽማግሌዎችና የደብሩን ንብረት የሚጠብቀው ቄሰ ገበዝ ዞረው ችካል ይትከሉ፣ እናንተ ከችካሉ አትውጡ።

ሰንበቴ · ግንቦት 12

አባታችን ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የበዓሉን ነገር ከኮሚቴው ማንም አላነሳውም ነበር። ከ13 እስከ 15 የሚለውን ለደብሩ እናቀርባለን።

ባለዝግባ፣ 150 ስትል ሦስቱን ቀን ልጆቹ ምን ይሠራሉ? ጉድጓዱስ ቀድሞ ከተቆፈረ?

ባለዝግባ · ግንቦት 13

ሥራ አይጠፋም። ቅድሚያ ጉድጓዱን እንጨርስ። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን እንዳረጠበው መቆፈር አለበት። ከዚያ በፊት ድንጋይ ነው፤ ከዚያ ዘግይቶ ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱ አየር ሳያገኝና ውሃ ሳይጠጣ ተከላው ይደርሳል። አካባቢውን የሚያውቅ ገበሬ በቀን 15 ያህል ስለሚቆፍር ለ150 ጉድጓድ ሁለት ሰው ለአምስት ቀን በቂ ነው። ሰኔ ለገበሬው የእርሻ ጥድፊያ ስለሆነ በነጻ አትጠይቁ፣ የቀን ክፍያውን ከጉዞው በጀት መድቡ። ላዩን ጥቁር አፈር ወደ አንድ ጎን፣ የታችኛውን ቀዩን ወደ ሌላ ጎን እንዲያደርጉ አደራ በሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ሲመለሱ ሥሩ ያገኘው የታችኛውን ድሃ አፈር ይሆናል።

ልኬቱ በዛፍና በዛፍ መካከል 2.5 ሜትር ይሁን። 150 ችግኝ በአንድ ላይ 940 ካሬ ሜትር ገደማ ይይዛል፣ ማለትም 31 ሜትር በ31 ሜትር፤ ዙሪያው 124 ሜትር ነው። ልጆቹ የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው፣ አጥሩ ላይ። ፍየል ካለ ችግኝ የለም።

ዝርያውን በተመለከተ፣ ደጋ ከሆነ ጥድና ወይራ አይከዷችሁም፤ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ደረቁን ግን ይችላሉ። ኮሶ ከፍ ያለና ቀዝቃዛ ቦታ ይወዳል። ዝግባ በልጅነቱ ጥላ ስለሚሻ ሜዳ ላይ አትትከሉት፤ በቆዩት ዛፎች ሥር ባለው ክፍት ቦታ ይግባ፣ ሲያድግ ከ30 ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ከሕንፃው ይራቅ። ባህር ዛፍ ቅጽር ውስጥ አታስገቡ። ቶሎ ይደርሳል ተብሎ ይመረጣል፣ ነገር ግን ውሃውን ይሻማል፣ በሥሩም ሌላ ነገር እንደልቡ አይበቅልም።

ችግኝ ስትረከቡ ቁመቱ ከ25 እስከ 40 ሳ.ሜ ያለውን ውሰዱ። በጣም የረዘመው ያምራል፣ ግን ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ተጠቅልሎ ይሆናል፣ ነፋስም ይጥለዋል።

ተከላው እንዲህ ነው። ማታውን ችግኙ ውሃ ይጠጣ፣ ደረቅ አፈር ፕላስቲኩ ሲቀደድ ይበተናል። ስትሸከሙት ከፕላስቲኩ ያዙ እንጂ ግንዱን አንጠልጥላችሁ አትያዙ፣ ሥሩ ከአፈሩ ይላቀቃል። ጉድጓዱን በጥቁሩ አፈር ግማሽ ድረስ ሙሉት። የፕላስቲኩን ታች በምላጭ አንድ ሳ.ሜ ያህል ከነተጠቀለለው ሥር ቁረጡ፣ ከዚያ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ቀዳችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት። ችግኙ ሲቀመጥ በፕላስቲኩ ውስጥ የነበረው የአፈር ልክ ከመሬቱ ልክ ጋር እኩል ይሁን፤ ከዚያ በላይ ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ሥሩ ይራቆታል። ዙሪያውን በመዳፍ ጠቅጠቅ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት መነቀል የለበትም። በተዳፋት ላይ ከሆነ በታችኛው በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው እርከን ሥሩ፣ የሚወርደውን ውሃ ያቁርለታል። ደረቅ ሣር በዙሪያው አልብሱት፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ አራት ጣት ያህል ራቅ ይበል።

መሬቱ ዋልካ (ውሃ የሚቋጥር ጥቁር ሸክላ አፈር) ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በሐምሌ ጉድጓዱ ኩሬ ስለሚሆን ጉብታ አድርጋችሁ ላዩ ላይ ትከሉ።

አንድ የቁጥጥር ዘዴ አለ፣ ሁሌም ይሠራል፦ ፕላስቲክ ቁጠሩ። እያንዳንዱ ልጅ ያወጣውን ባዶ ፕላስቲክ በኬሻ ያስረክብ። 150 ተተክሎ 131 ፕላስቲክ ከተመለሰ፣ 19 ችግኝ ከነፕላስቲኩ ተቀብሯል። የትኛው መስመር እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ፣ ሳይረፍድ ቆፍራችሁ ታወጣላችሁ። ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ክረምቱን ለምልሞ ያታልላል፣ በጥር ይሞታል።

የኮሚቴ ሰው · ግንቦት 13

ምክሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ለለጋሾች 1,000 ችግኝ ብለን ደብዳቤ በትነናል፣ ባነሩም ታዟል። ለአንድ ችግኝ በነፍስ ወከፍ የሰጡ ምእመናን አሉ። 150 ብንል እንዴት ይቀበሉናል? ቢያንስ 1,000ውን ተክለን 300 ቢጸድቅ አይሻልም?

ካህን ዘገጠር · ግንቦት 13

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ይገባኛል፤ የሰው ገንዘብ አደራ ነው። ግን 1,000 ተተክሎ ጠባቂ ከሌለው 300 አይጸድቅም፣ ሁሉም ነው የሚያልቀው። ፍየል ሦስት መቶውን መርጣ አትተውም። የደረቀ ችግኝ የሞላበት መሬት ደግሞ ሕዝቡን ተስፋ ያስቆርጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማኅበር ሲመጣ "እነዚያም ተክለው ሄደው ነበር" ይላል።

ለምእመናኑ እውነቱን ጻፉላቸው። የሰጣችሁት ገንዘብ 150 ዛፍ ይተክላል፣ ያጥራል፣ ለሁለት በጋ ውሃ ያጠጣል በሏቸው። በጥር ቆጥራችሁ የጸደቀውን አሳውቋቸው። ሽማግሌዎቻችን ዛፍ የሌለው ደብር ራቁቱን ነው ይላሉ። የጎደለንም የሚተክል ሰው አይደለም፣ የሚያሳድግ ነው።

ባለዝግባ · ግንቦት 13

አባታችን እንዳሉት ነው። የጠባቂውን ክፍያ በውል አድርጉት። ሰበካ ጉባኤው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱና ጠባቂው የሚፈርሙበት አንድ ገጽ ወረቀት በቂ ነው። ክፍያውን በተተከለው ሳይሆን በቆመው ችግኝ ቁጥር አስሉት፤ በጥቅምት፣ በጥርና በግንቦት ተቆጥሮ ይከፈል። የሞተው በቀጣዩ ሐምሌ ይተካል።

የጓዳ ሰው · ግንቦት 14

ልጆቼ፣ ስለ ስንቁ እኔ ልንገራችሁ። 45 ሰው ናችሁ።

ከሁሉ በፊት፣ ደብሩ ይመግበናል ብላችሁ እንዳትሄዱ። ሐምሌና ነሐሴ የገበሬው ጎተራ የሚጎድልበት ጊዜ ነው፤ ያለፈው እህል እያለቀ፣ አዲሱ ገና ቡቃያ ነው። ሕዝቡ እንግዳ አክባሪ ስለሆነ ለዘር ያስቀመጠውንም አውጥቶ ያበላችኋል። ይዛችሁ ሂዱ። ዳቦ ይዘው ሲመጡ ግን በምስጋና ተቀበሉ፣ መመለስ ነውር ነው። ጠላው ለልጆቹ አይቅረብ፣ ይህን አስተባባሪው ቀድሞ ለደብሩ ይንገር።

ለአንድ ማዕድ ሽሮ ከሆነ 2 ኪሎ ተኩል፣ ምስር ክክ ከሆነ 3 ኪሎ ተኩል፣ ሽንኩርት 4 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር ተኩል ያዙ። ሽምብራና ባቄላ አትምረጡ። ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አይበስልላችሁም፣ እንጨቱ ያልቃል። ለጠዋት በሶ 4 ኪሎ ተኩል፣ ለሥራ መሐል ቆሎ በቀን 3 ኪሎ።

እንጀራ ለአንድ ሰው በአንድ ማዕድ አንድ ተኩል ብትሉ፣ በቀን ሁለት ማዕድ 135 ይሆናል። የሦስቱንም ቀን ከከተማ ጭናችሁ እንዳትሄዱ፣ በሐምሌ እርጥበት በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ያወጣል። የመጀመሪያውን ቀን ተኩል ይዛችሁ፣ የቀረውን ጤፉን ልካችሁ በደብሩ አካባቢ ያሉ እናቶች በክፍያ ይጋግሩ። የምትይዙትም ትኩስ እያለ በፕላስቲክ አይታሸግ፣ ያልበዋል። በደንብ ቀዝቅዞ፣ ንጹሕ ጨርቅ በተነጠፈበት ካርቶን ከ30 ያልበለጠ ተደራርቦ ይግባ።

ረቡዕና ዓርብ ቢገባበትም ይህ ስንቅ የጾም ስለሆነ አትቸገሩም።

ማገዶ ከደብሩ ዛፍ አንድ ጭራሮ እንኳ አትልቀሙ። ከሰል ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም የባህር ዛፍ ፍልጥ ከገበሬው ግዙ።

የሚጠጣ ውሃ ለሚቆፍር ሰው በቀን 3 ሊትር ነው፣ ለ45 ሰው 135 ሊትር፣ 7 ጀሪካን። ለማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ ሌላ 10 ጀሪካን ጨምሩ። ምንጩ ትንሽ ከሆነ እናቶች ከሚቀዱበት የማለዳ ሰዓት ውጭ ቅዱ፣ ወረፋ አትሻሙ። ጸበል ለመጠጥና ለጥምቀት ነው እንጂ ዕቃም እጅም አይታጠብበትም።

ነርሷ · ግንቦት 14

በውሃው ላይ ልጨምር። የክረምት ምንጭ ጎርፍ ስለሚገባበት ጥሩ ቢመስልም ይፈላ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። በውሃ ማከሚያ መድኃኒት ከተጠቀማችሁ፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን ከገባ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይጠጣ። ድፍርስ ከሆነ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፣ ድፍርስ ውሃ መድኃኒቱን ያባክነዋል።

ተቅማጥ የያዘው ልጅ ካለ፦ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን። ጨው ማብዛት ጉዳት አለው።

ዶማና አካፋ የሚይዝ ሁሉ ጓንት ያድርግ። መዳፍ መቅላት ሲጀምር ሥራ ይቀይር፣ ውሃ እስኪቋጥር አይጠበቅ። ከሥራው በፊት የዶማው ራስ ከእጀታው መጥበቁን አንድ ታላቅ ሰው ይፈትሽ። በሁለት ቆፋሪ መካከል 3 ሜትር ይኑር።

መርገጫው ቦት ወይም ድፍን ጫማ ነው። ለቦታው ክብር ብለው ባዶ እግራቸውን ለመቆፈር የሚፈልጉ ልጆች ይኖራሉ፤ ጫማ የሚወልቀው ቤተ መቅደስ ሲገባ ነው፣ በቁፋሮ ላይ እሾህና ዶማ አለ። የደጋ ቀይ አፈርን በባዶ እግር ለዓመታት መርገጥ የእግር እብጠት በሽታ እንደሚያመጣም የአካባቢው ልጆች እንዲያውቁት ጫማችሁ ትምህርት ይሁን።

ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሆነ ሥራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ይሁን። ነጎድጓድ ከተሰማ ዶማው ይቀመጥ፣ ሁሉም ቤት ውስጥ ይግባ፣ ረጅም ዛፍ ሥር መጠለል ክልክል ነው። ውሻ የነከሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መውሰድ። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይዘገይም።

ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑት ሁሉ የወላጅ ፊርማ ያለበት ወረቀት፣ ያለበት ሕመምና የሚወስደው መድኃኒት ተጽፎ ይያዝ። አስም ያለበት ልጅ መርጫው በኪሱ ይሁን፣ በሻንጣ አይደለም። 5 ታላላቅ ለ40 ልጅ፣ አንዱ ለ8 ማለት ነው፤ ከነሱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። የሴቶችና የወንዶች ማደሪያ ይለያይ፣ አንድ ልጅ ከአንድ ታላቅ ሰው ጋር ብቻውን የሚሆንበት ሥራ አይመደብ።

ሰንበቴ · ግንቦት 15

እናመሰግናለን እህቴ። አንድ ጥያቄ፣ ሴቶቹ ልጆች ጠይቁልን ያሉት ነው። በወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ቅጽር ውስጥ ካልገባች ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ልትውል ነው? ለሥራስ ልብሱ?

ነርሷ · ግንቦት 15

ከቅጽሩ ውጭ ያለው ሥራ ይበዛል። አጥሩ፣ ውሃው፣ ምግቡ፣ ችግኝ መቀበሉ ሁሉ ውጭ ነው። ዘዴው ምደባውን በሴቶቹ አስተባባሪ እጅ ማድረግ ነው፤ ልጅቷ ለአንዲት ታላቅ እህት ብቻ ትናገራለች፣ ምክንያቱ ሳይጠየቅ ቦታዋ ይቀየራል። በሰው ፊት ዝርዝር አይነበብ። ንጽሕና መጠበቂያ ለሁሉም የሚበቃ በአንድ ሣጥን ይያዝ፣ ማስወገጃው ቀድሞ ይታሰብበት፤ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን በከረጢት ሰብስቦ ማቃጠል።

ልብስ፦ ሰፊ ቀሚስ፣ ከውስጡ ሱሪ። ነጠላው በሥራ ሰዓት ይቀመጥ፣ ጸጉር በሻሽ ይታሰር። ረጅም ነጠላ ዶማ ላይ ይጠመጠማል።

መምህር ዘአብነት · ግንቦት 15

እስካሁን ስለ አብነት ተማሪዎቹ ማንም አላነሳም፣ ዕቅዳችሁ ውስጥ ግን የሚያሳስብ ነገር አለ።

በሐምሌ ልብስ አይታጠብም። አይደርቅማ! የቆሎ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ያለው የለበሰው ነው። 40 ልጅ በቅን ልቦና ልብሱን አጥቦ ሲያሰጣ፣ ተማሪው እርጥብ ልብስ ለብሶ ወይም በደበሎ (በበግ ቆዳ) ብቻ ደጋ ላይ ያድራል። ብርዱ ለሕመም ያጋልጠዋል። አጠባውን ወደ ጥቅምት አዛውሩት፣ ፀሐይ ሲወጣ። ያን ጊዜም መጀመሪያ ቅያሪ ይሰጠው፣ ከዚያ አሮጌው ይታጠብ።

ብዙ ጊዜ እከክ አለ። እከክ በአንድ ልጅ ሕክምና አይጠፋም፣ አብረው የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለባቸው። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን በሚሰጥበት ቀን እናንተ አጠባውን ብታደርጉ ሁለቱ ይገናኛሉ። የማይታጠበው ጋቢና ደበሎ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ከ3 ቀን እስከ ሳምንት ይቆይ፣ ተባዩ ከሰው ገላ ርቆ ብዙ አይኖርም። ለነዚያ ቀናት ብርድ ልብስ ይታሰብበት።

በሐምሌ ለጎጆው የምትሠሩት ሌላ ነው፣ ቦይ። በየጎጆው ዙሪያ 30 ሳ.ሜ ስፋት፣ 20 ሳ.ሜ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍራችሁ ወደ ተዳፋቱ ብትለቁት፣ ወለሉ ክረምቱን ሙሉ ደረቅ ይሆናል። አንድ ጎጆ ለአራት ልጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሣር ክዳኑን አትንኩ። ክረምት ላይ አንድ ቦታ ከተከፈተ ዝናቡ ይገባል፣ የክዳን ሥራ የበጋ ሥራ ነው። የሚነጠፈውን አሮጌ ሣር ግን አውጥታችሁ በደረቅ ጭድ ቀይሩ፣ ቁንጫው ይቀንሳል።

የምታድሉትን ከየኔታ ጋር ተነጋገሩ። የተማሪውን ቁጥር አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ለሁሉም እኩል ካልደረሰ አትጀምሩ። የተለበሰ የከተማ ጂንስ አይጠቅማቸውም። የሚያስፈልጋቸው ሳሙና፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ኮንጎ ጫማ በልክ በልኩ፣ ለማታ ጥናት በፀሐይ የሚሠራ መብራት ነው። ዕቃው ለሰበካ ጉባኤው በንብረት ገቢ ደረሰኝ ገብቶ በየኔታ እጅ ይከፋፈል።

ቁራሽ ለመለመን ሲወጡ ፎቶ አታንሷቸው። ያ የትምህርቱ ሥርዓት ነው፣ እነሱም ነገ የእናንተው መምህራን ናቸው።

ባለመንገድ · ግንቦት 16

ስለ መኪናው አጭር ነገር። በወንበር ልክ ጫኑ፣ ስንቅና ዶማ ኮሪደር ላይ አይቀመጥ። ዕቃውን ከችግኙ ጋር በሌላ አይሱዙ ላኩ። ችግኙ ሸራ ይልበስ፣ ነፋሱ በአንድ መንገድ ቅጠሉን ያደርቀዋል። ማለዳ 12 ሰዓት ተነሱ፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት በፊት ሁሉም ሰው ደብሩ ይግባ፤ የመጨረሻው 2 ኪሎ ሜትር በጨለማና በጭቃ አይሄድም። ከውሉ ላይ የሾፌሩ ማደሪያና ምግብ በማን እንደሆነ፣ መኪናው ሦስቱን ቀን እዚያው እንደሚቆም ይጻፍ። የታመመ ልጅ ሲኖር መኪና ፍለጋ አትወጡም። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ከወረዳው አረጋግጡ፣ ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይተላለፍ።

ሰንበቴ · ግንቦት 18

ኮሚቴው ትናንት ተሰብስቦ ቁጥሩን 150 አድርጎታል። ለለጋሾቹ አዲስ ደብዳቤ እየተጻፈ ነው። አጠባውና የጤናው ሥራ ለጥቅምት ተላልፏል፣ 15 ልጆች ለዚያ ይመለሳሉ። የቀረን አጥሩ ነው። ደብሩ የድንጋይ ካብ ይፈልጋል። ባለዝግባ፣ 124 ሜትር ካብ በ3 ቀን እንጨርሳለን?

ባለዝግባ · ግንቦት 18

አትጨርሱም። 1 ሜትር 20 ቁመት ያለው፣ በአማካይ 60 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው ካብ ለአንድ ሜትር ርዝመት ከአንድ ቶን በላይ ድንጋይ ይበላል። 124 ሜትር ከ150 ቶን ያልፋል። ግን የደብሩ ሐሳብ ትክክል ነው። በደቡብ ጎንደር በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ደኑን ከከብት ያዳነው እንዲህ ያለ ካብ ነው፤ ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ ስለሚለቀም ገበሬውም ይጠቀማል።

ሁለቱን አዋህዱ። ሙሉው ዙሪያ መጀመሪያ በእሾህ ይታጠር። የአጋም፣ የቀጋ ወይም የግራር ቅርንጫፍ ከገበሬው አጥር ላይ ተገዝቶ፣ የግንዱ ጫፍ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ ሆኖ፣ በየሁለት ሜትሩ በችካል ተይዞ፣ ቁመቱ ደረት ድረስ። ይህ ከአንድ ክረምት እስከ ሌላው ይቆያል። በቀረው ጊዜ ከብት በብዛት በሚገባበት በኩል ካቡን ጀምሩ፤ 10 ሜትር ጥሩ አድርጋችሁ ብትሠሩ ይበቃል፣ ሕዝቡ በበጋ ይቀጥለዋል።

ካቡ ሲሠራ የአፈሩ ልል ክፍል እስኪወገድ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ትልልቁን ከታች። ሁለት ፊት ይኑረው፣ መሐሉ በጠጠር ሳይሆን በትንንሽ ድንጋይ ይሞላ፣ ጠጠር በዝናብ ይንሸራተታል። በየጉልበቱ ልክ ሁለቱን ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ አግድም ይግባ። ሁለቱም ፊት ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ውስጥ ያዘንብል፤ ከታች 80 ሳ.ሜ ከሆነ ከላይ 40። ቀጥ ብሎ የቆመ ካብ በመጀመሪያው ነሐሴ ይናዳል። የሚክብ ሰው ከአካባቢው የሚያውቅ ግንበኛ ወይም ገበሬ ይሁን፣ ልጆቹ ያቀብሉ። ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ፣ ድንጋይ አይወረወርም፤ የተቀባዩ እጅ ከሥር ሳይገባ ሰጪው አይልቀቅ። ጣት የሚቀጠቀጠው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው።

ካህን ዘገጠር · ግንቦት 19

ድንጋዩን ከማሳ ስትለቅሙ ባለማሳው አብሮ ይኑር። ድንበር ተብሎ የተተከለ ድንጋይ አለ፣ ከሌላው አይለይም። እሱ ከተነሳ የሁለት ጎረቤት ጠብ ጥላችሁ ትሄዳላችሁ። ሐምሌ 12 ስትደርሱ ከሰበካ ጉባኤው ሁለት ሰው ማሳዎቹን ያሳያችኋል፤ ይህንንም በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ አስገቡት።